የሴድናን 11,400 ዓመት ማን ቆጠረው?

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ነው። የላኩልኝ የፊዚክስ መምህር ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ከኔፕቱን ማዶ ስላሉት አካላት ሳስተምር ሴድናን ጠቀስኩ። ፀሐይን አንዴ ለመዞር ከ11,000 ዓመት በላይ ይፈጅባታል አልኩ። የተገኘችው ግን በ1996 ዓ.ም. ነው። አንድ ተማሪ እጁን አወጣና ‹ቲቸር፣ ታዲያ ማን ቆጠረው?› አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ደግሞ አንዱ 10,500፣ አንዱ 11,400፣ ሌላው 12,000 ይላል። የትኛውን ልመን? ነጥብ ሆና ብቻ የምትታይ ነገርስ ስፋቷና ቀለሟ እንዴት ታወቀ? ከጓሳ ላይ ሆነን በቴሌስኮፕ ልናያት እንችላለን?»

መምህር፣ መጀመሪያ ለዚያ ልጅ አንድ ማርክ ይጨምሩለት። ሳቁን ያመጣው ጥያቄ የሙያው ዋና ጥያቄ ነው። ማንም አልቆጠረም፤ ተሰልቶ ነው። «ተሰልቶ ነው» ብለው ቢያልፉት ግን ልጁ እንደገና እጁን ያወጣል፤ ማውጣትም አለበት። ስለዚህ ከሥሩ እንየው።

እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ጭላዳን ከገብስ ማሳ ማባረር የእኔ ሥራ ነበር። ወንጭፍ የሚያውቅ ሰው ድንጋዩ እስኪወድቅ አይጠብቅም። ከወንጭፉ ሲወጣ አቅጣጫውንና ጉልበቱን ካየ ይበቃዋል። ድንጋዩ ገና አየር ላይ እያለ «ሳትኩ!» ይላል። ታላቅ ወንድሜማ እኔ ከመወርወሬ በፊት ነበር የሚናገረው፤ ያ ግን ሳይንስ ሳይሆን ንቀት ነበር።

ሴድናም የተወረወረች ድንጋይ ናት። ዛሬ የት እንዳለች፣ ወዴት እንደምትሄድ፣ በምን ፍጥነት እንደምትሄድ ካወቅን የቀረውን የፀሐይ ስበት ይወስነዋል። ቦታዋ ሦስት ቁጥር ነው። ፍጥነቷ ከነአቅጣጫው ሌላ ሦስት ቁጥር ነው። ስድስቱ በእጅ ካሉ ምሕዋሩ ሙሉ ነው። 11,000 ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትንሿን ቁራጭ በጥንቃቄ መለካት ነው።

እንዴት ተለካች? ኅዳር 4 ቀን 1996 ዓ.ም. ማይክ ብራውን፣ ቻድ ትሩሂዮና ዴቪድ ራቢኖዊትዝ በካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ባለው የሳሙኤል ኦስቺን ቴሌስኮፕ ሥራ ላይ ነበሩ። ዘዴያቸው ቀላል ነው። አንዱን የሰማይ ቁራጭ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ፎቶ ያነሳሉ። ከዋክብት ካሉበት አይነቃነቁም። ፈቀቅ ያለ ነጥብ ካለ እሱ የእኛው ሰፈር ነው።

የዚያን ሌሊቷ ነጥብ በ3.1 ሰዓት ውስጥ 4.6 የማዕዘን ሴኮንድ ፈቀቅ አለች። አንድ ዲግሪ 3,600 የማዕዘን ሴኮንድ ነው። 4.6 ሴኮንድ ማለት የአንድ ብር ሳንቲም ከ1.2 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ የሚኖረው ስፋት ነው። ይህችን ታክል ንቅናቄ ናት ሁሉንም የጀመረችው።

አሁን ተማሪዎችዎ የሚወዱት ይመጣል። ፈቀቅ ካለው ውስጥ አብዛኛው የሴድና አይደለም፤ የእኛ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ሲመጡ ሸኖን አልፎ ያለውን ሜዳ ያስቡት። መንገድ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ሽው ብሎ ያልፋል። ራቅ ያለው የገብስ ክምር ቀስ ይላል። አድማስ ላይ ያለው ተራራ ደግሞ ጫጫ እስኪደርሱ አብሮዎት የሚሄድ ይመስላል። ነገሩ በራቀ ቁጥር የሚሸሸው በዝግታ ነው። ሚኒባሷ ምድር ናት፤ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ትበራለች። በ3.1 ሰዓት ወደ 335,000 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች። 4.6 የማዕዘን ሴኮንድ ወደ ራዲያን ሲቀየር የአንድ ራዲያን 45,000ኛ ክፍል ገደማ ነው። 335,000ን በ45,000 ያባዙ። 15 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ይመጣል። የምድርና የፀሐይ ርቀት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህን «አንድ አሃድ» እንበለው። ስለዚህ ነጥቧ 100 አሃድ ገደማ ርቃለች ማለት ነው። የራሷ ጉዞ ሲታረምበት ወደ 90 ወረደ። ለአንድ ሌሊት ሥራ ምን ይወጣለታል?

አንድ ሌሊት ግን ርቀትን እንጂ ምሕዋርን አይሰጥም። ፍጥነትና አቅጣጫ ጊዜ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ዕድል ረዳቸው። የድሮ የሰማይ ፎቶዎች መዝገብ ተገለጠ። ሴድና እዚያ ውስጥ ነበረች፤ ማንም ሳያውቃት በሌሎች ሰዎች ፎቶ ላይ ቆማ። የቆየ የሰርግ አልበም ሲገልጡ ጥግ ላይ የቆመ ዘመድ እንደማግኘት ነው። የመጀመሪያው ፎቶ እስከ እ.ኤ.አ. 1990 ይወስዳል። ስለዚህ በተገኘች በወራት ውስጥ የ13 ዓመት ጉዞዋ በእጃቸው ገባ። በመጋቢት 1996 ዓ.ም. ለዓለም ሲነገር የምሕዋሯ ቅርጽ በደንብ ይታወቅ ነበር።

እስከ ዛሬ ያለውን ብንደምር ወደ 35 ዓመት ተከታትለናታል። የሴድናን አንድ ዓመት በእኛ 365 ቀን ብንመነዝረው ያየናት ለአንድ ቀንና ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው።

ወደ ሦስቱ ቁጥሮች እንምጣ። 10,500 የሚለው ስትገለጥ የተነገረ የመጀመሪያ ግምት ነው፤ ዘመኑ አልፎበታል። 12,000 እና 11,400 ግን በልኬት አይጣሉም፤ የሚጣሉት በመነሻቸው ነው። ፀሐይን ብቻዋን መሐል ላይ አስቀምጠው ካሰሉ ቁጥሩ ወደ 12,000 ይሄዳል። ሴድናን ያህል የራቀ አካል ግን የሚዞረው ፀሐይን ብቻ አይደለም። ፀሐይን ከነጁፒተርና ከነሌሎቹ ፕላኔቶች፣ የሁሉንም የጋራ የክብደት ማዕከል ነው የሚዞረው። በዚያ ሲሰላ ወደ 11,400 ይመጣል። እኔ ሁለተኛውን ያስተምሩ እላለሁ።

ይህን በኬፕለር ሕግ ማጣራት ይችላሉ። የሴድና አማካይ ርቀት 506 አሃድ ገደማ ነው። 506 × 506 × 506 ያባዙና ካሬ ሩቱን ይውሰዱ፤ የሚመጣው የዙሯ ጊዜ በዓመት ነው።

ምሕዋሯ ክብ አይደለም፤ እጅግ የተሳበ ሞላላ ነው። ለፀሐይ ስትቀርብ 76 አሃድ ላይ ናት። ስትርቅ ከ900 አሃድ ታልፋለች። ለማነጻጸር ኔፕቱን 30 አሃድ ላይ ነው። ፕሉቶ ከ30 እስከ 49 ይመላለሳል፤ ዙሩን በ248 ዓመት ይጨርሳል። ሴድና አሁን ወደ ቅርቡ ጫፍ እየመጣች ነው፤ 84 አሃድ አካባቢ። በሴኮንድ 4.4 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ሩቁ ጫፍ ላይ ስትደርስ ግን ፍጥነቷ በሴኮንድ 400 ሜትር እንኳ አይሞላም። ድምፅ በአየር ውስጥ ከሚሄደው ብዙም አይበልጥም። ለሰማይ አካል ይህ ዳዴ ማለት ነው። ለዚህም ነው ከ11,400 ዓመቱ አብዛኛውን እዚያ ማዶ የምታሳልፈው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ ይበሉ። በቅርቡ ጫፍ የምትቆየው ጥቂት ከሆነ፣ እኛ ያገኘናት በአጋጣሚ መንገዷ ላይ ቆመን ነው። እንደሷ ያሉ ሌሎች፣ አሁን ሩቅ ሆነው የማይታዩን፣ ብዙ መኖር አለባቸው። አንድ ጭላዳ ገደል አፋፍ ላይ ካዩ ገደሉ ውስጥ መንጋ አለ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን 76 የሚለው ቁጥር ነው። ሌሎቹ ሩቅ ተጓዦች አንድ ጊዜ ኔፕቱን አጠገብ አልፈው፣ እሱ ነው በስበቱ ወርውሮ ያራቃቸው። የተወረወረ ነገር ደግሞ ወደ ተወረወረበት ይመለሳል፤ ስለዚህ ቅርቡ ጫፋቸው ኔፕቱን አካባቢ ነው። ሴድና ግን እዚያ አትደርስም። የኔፕቱን እጅ 76 አሃድ ላይ አይደርስባትም። ታዲያ ወደዚያ ማን ወሰዳት? የዛሬው የፀሐይ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ሊያደርግ የሚችል የታወቀ አካል የለም።

ሦስት መልሶች ይነገራሉ። አንዱ፣ ፀሐይ ገና በተወለደች ጊዜ ከብዙ እህት ከዋክብት ጋር ተጠጋግታ ትኖር ነበር፤ አንዷ ቀረብ ብላ ስታልፍ ሴድናን ጎትታ መንገዷን ቀየረችው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሴድና ከሌላ ኮከብ የተወሰደች ናት ይላል። ሦስተኛው ዝነኛው ነው፤ ያልታየ ትልቅ ፕላኔት እዚያ ማዶ አለ የሚል። ይህን በ2016 እ.ኤ.አ. በሰፊው ያነሱት ኮንስታንቲን ባቲጊንና ራሱ ማይክ ብራውን ናቸው። የሩቆቹ አካላት ምሕዋር ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ የሚያሰልፋቸው አለ አሉ። ፕላኔቱ እስካሁን አልተገኘም። የሴድና ዓይነቶቹም ጥቂት ናቸው፦ 2012 ቪፒ113፣ ሌሌአኩሆኑአ፣ ከዚያም በ2025 የተነገረችው 2023 ኬኪው14። ይህች የመጨረሻዋ ደግሞ ከሦስቱ ጋር አልተሰለፈችም፤ ወደ ሌላ ወገን ነው የምታየው። እኔ ወደ መጀመሪያው መልስ አደላለሁ። በቺሊ ሥራ የጀመረው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ ሰማዩን ሲያበጥር ሐሳቤን ያስቀይረኝ ይሆናል፤ ቅር አይለኝም።

ይህን ርዕስ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ሰው የማይቀር ጥያቄ ያመጣል። «አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያዩት ብርሃንስ?» ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚያ ብርሃን ነውና አልሸሸውም። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1456 አካባቢ ነው። በዚያ ዓመት የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ታይቷል፤ ስለዚህ ብርሃኑ እሱ ነበር የሚሉ አሉ። አንድ ችግር አለ። ብርሃኑ ታየ የሚባለው በመጋቢት ነው፤ ሃሌይ ጎልቶ የታየው ግን በሰኔ ነው። እኔ አላገናኛቸውም። ለትምህርትዎ ግን ሃሌይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እሱም የተሳበ ሞላላ ምሕዋር አለው፤ በሩቅ ጫፉ ከኔፕቱን አልፎ 35 አሃድ ይደርሳል። ልዩነቱ ቅርቡ ጫፍ ላይ ነው። ሃሌይ ከቬኑስ ምሕዋር ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ፀሐይ በረዶውን ታተነዋለች፤ ጅራት ያወጣል፤ ንጉሥም ሕዝብም ያየዋል። ሴድና 76 አሃድ ላይ ቆማ ትመለሳለች። በረዶዋ አይነካም። ጅራት የላትም። ብትመጣም ማንም ቀና ብሎ አያያትም።

አሁን ስለ ራሷ። ሴድና ከእኛ ስትታይ ስፋቷ ያንኑ የአንድ ብር ሳንቲም ከ330 ኪሎ ሜትር ርቀት እንደማየት ነው። በመኪና መንገድ ብንቆጥር ሳንቲሙ ደብረ ብርሃን፣ ተመልካቹ ደሴን አልፎ። ስለዚህ በፎቶ ላይ ክብነቷ አይታይም። ስፋቷን ያወቁት በሌላ መንገድ ነው።

ብሩህነት ብቻውን ያታልላል። ትንሽ ሆኖ ነጭ የሆነና ትልቅ ሆኖ ጥቁር የሆነ ነገር እኩል ብርሃን ሊመልሱ ይችላሉ። የሚለያቸው ሙቀት ነው። ፀሐይ ላይ ነጭ ጋቢና ጥቁር በርኖስ ያስጡ። ትንሽ ቆይተው በእጅዎ ይዳስሷቸው። ጋቢው ብርሃኑን መልሶታል፤ በርኖሱ ውጦ ሞቋል። የጠፈር ቴሌስኮፑ ሄርሼል ይህን ነው ያደረገው፤ በሙቀት ሞገድ «ዳሰሳት»። ከሴድና የሚወጣውን ደካማ ሙቀትና የምትመልሰውን ብርሃን አንድ ላይ ሲያሰሉ ሁለቱም ይፈታሉ። ከሚያርፍባት ብርሃን ሲሶውን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ትመልሳለች። ከዳር እስከ ዳር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በቀጥታ መስመር ከሞያሌ አድዋ የሚበር ወፍ ከዚያ ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ እስከ 1,800 ኪሎ ሜትር ትሆናለች ተብሎ ነበር፤ የቆዩ ጽሑፎች ላይ ያንን ካዩ አይደናገጡ።

ክብደቷ ግን አልተለካም። የሰማይ አካል የሚመዘነው በጨረቃው ነው። ጨረቃ የሚዛን ድንጋይ ናት፤ በምን ርቀት ስንት ቀን እንደምትዞር ካዩ የዋናውን ክብደት ያገኛሉ። ሴድና ጨረቃ አልተገኘላትም። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ስህተት አለ። መጀመሪያ በራሷ ዙሪያ የምትሽከረከረው በ20 እና በ50 ቀን መካከል ነው ተባለ። ይህ በጣም ዘገምተኛ ነው፤ ስለዚህ ጨረቃ አላት፣ እሷ ናት የያዘቻት አሉ። ሀብል ቴሌስኮፕ አየ፤ ጨረቃ የለም። ቆይቶ በደንብ ሲለካ ሽክርክሪቷ 10 ሰዓት ገደማ ሆነ። ጨረቃ ፍለጋው ከመነሻው አያስፈልግም ነበር። ስህተቱ ግን አያስገርምም፤ ስትሽከረከር ብሩህነቷ የሚለዋወጠው ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነው።

ቀለሟ ቀይ ነው፤ ማርስን ያህል ሊባል ይችላል። ግን ዝገት አይደለም። ገብስ ምጣድ ላይ ሲቆላ ነጣ ያለው ቀስ እያለ እንደሚቀላ ያስቡት። እዚያ ምጣዱ የፀሐይ ጨረርና ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች ናቸው፤ የሚቆላው ሚቴን ነው። በቢሊዮን ዓመታት ሚቴኑ ይሰበራል፣ እንደገና ይጋጠማል፣ ወደ ከበዱ የካርቦን ውሁዶች ይቀየራል። እነሱ ናቸው የሚቀሉት። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕም ኢቴንና አሴቲሊንን የመሰሉ የዚህ ሂደት ውጤቶችን አይቶባታል። ብርሃኗን እንደ ቀስተ ደመና በትነው የትኛው ቀለም እንደጎደለ ያያሉ፤ እያንዳንዱ ውሁድ የሚውጠው የራሱ ቀለም አለው።

ብርዱን አልረሳሁም። በታኅሣሥ ውርጭ ያደገ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። የሴድና ገጽ ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ያውም አሁን፣ በሞቀው ወቅቷ። የሚገርመው ጨለማ አለመሆኑ ነው። ፀሐይ ከዚያ ስትታይ ነጥብ ናት፤ ግን ከእኛ ሙሉ ጨረቃ ከ50 እጥፍ በላይ ትደምቃለች። ደብዳቤ ያነባሉ። ያ ብርሃን እዚያ ለመድረስ 11 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ስሟንም ያገኘችው ከዚህ ቅዝቃዜ ነው፤ ሴድና በኢኑይት ሕዝብ አፈ ታሪክ በሰሜን ዋልታ ባሕር ግርጌ የምትኖር ሴት አምላክ ናት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ጓሳ ነው። ቦታው ከፍ ያለ ነው፤ ሌሊቱም ጨለማ ነው። ጥሩ መርጠዋል። ሴድና ግን ዓይን ከሚያያት የመጨረሻዋ ደካማ ኮከብ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ትደበዝዛለች። ሰው በመኪና ጭኖ የሚወስደው ቴሌስኮፕ ላይ ዓይንዎን ቢያሳርፉ ምንም አያዩም። እንጦጦ ላይ እንዳሉት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፕ ከሆነ ደግሞ ዓይን ሳይሆን ካሜራ ነው የሚያስፈልገው፤ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ማጠራቀም አለበት።

ቦታዋን ግን ማሳየት ይችላሉ። አሁን ያለችው ሠውር (በሬው) በሚባለው የከዋክብት ክልል ውስጥ ነው። በኅዳር፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተማሪዎቹን ባና አከናንበው ያውጧቸው። ሰባቱን ከዋክብት ይፈልጉ። ከእነሱ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብሎ ያለው ባዶ የሚመስል ሰማይ ውስጥ ናት። ሰሜን ሸዋ ያለበት ኬክሮስ ጥሩ አጋጣሚ ሰጥቶናል፤ በዚያ ሰዓት ልክ አናታችን አጠገብ ነው የምታልፈው። ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ ድረስ የቀረበችው ሰው ገብስ ማልማት ሊጀምር ሲል ነበር። በጣም የምትቀርበው በ2068 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ እጁን ያወጣው ልጅ ያኔ 60 አልፎታል። ከዚያ በኋላ መራቅ ትጀምራለች፤ እስከዚያ ግን በየዓመቱ አንድ ነጥብ ስሌቱ ላይ ይጨመራል። ልጁ አሁኑኑ መጀመር ከፈለገ ካልኩሌተር ይስጡትና 506ን ያባዛ።